የወይራ ጣሳ

ሐምሌ ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣
የኤይላት ሙቀት ከደጃፍ ተሰልፎ፣
ለተገርግሽ ወለደች፤ ሦስት ኪሎ ሴት ልጅ፤
እትብቷን የቆረጠው የእኔው ነው፣ የእኔ እጅ።

በእናቴ ቀዬ ቢሆን፣ በቀድሞዎቹ ሥርዓት፣
ይቀበር ነበረ ከጓሮ ወይ ከበረት፤
«እትብትሽ የት ነው?» ሲሉሽ በጣትሽ ታሳያለሽ፣
ከዚያ ወዲያ ማንም «ከየት መጣሽ?» አይልሽ።
እዚህ ግን ቢጫ ከረጢት፤ መኪና መጥቶ ይወስዳል፤
የስንት ሰው መነሻ ከከተማ ወጥቶ ይነድዳል።

ቅጹን ሞላሁ። የእናት ስም። የአባት ስም። ክብደት።
የትውልድ ቦታ፦ ኤይላት። ቀንና ሰዓት።
ቀጥሎ ዘጠኝ ሳጥን አለ፣ ለመታወቂያ ቁጥር፤
አንድ ረጅም ሰረዝ አሰመርኩበት፣ እንደ ድንበር አጥር።

ከመጋረጃው ወዲያ ሊያት ወንድ ወለደች፣
በሃያ ደቂቃ ለተገርግሽን ቀደመች፤
ልጁ ጡት ሳይዝ ገና ቁጥሩ ከማተሚያው ወጣ።
ያው ክፍል፣ ያው መቀስ፣ ያው እጅ።
ልዩነቱ ከየት መጣ?

እኔማ የተወለድኩት ሱዳን፣ በሸራ ድንኳን፣
እናቴ ከጎንደር በእግሯ መጥታ፣ ስትጠብቅ አውሮፕላን፤
እትብቴን አሸዋ በላው፤ ምልክቱ እንኳን ጠፋ፤
አባቴ ስንት ዓመት በየቢሮው ደጅ ተጋፋ፤
በመጨረሻ ደሜን ቆጠሩት፣ ደሜ አገር ሆነኝ።
(ያንኑ ደም አባቴ ሲለግስ ደፉበት፤ እስከ ዛሬ ቆጨኝ።)

*

ሰዊት አሏት፤ በእናቷ ቋንቋ የእህል ዛላ።
አራተኛ ክፍል ገብታለች፣ ጥያቄ ብቻ ሞልታ።
ባሕሩ ዳር አገኘችኝ፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች፣
ሰላምታውን ዘላ ከወሬዋ ጀመረች፦

«ፕሬዚዳንት ማን ይሆናል? ብላ ጠየቀችን፤
ዜጋ ይሁን፣ እዚሁ ይኑር፣ በቃ፣ አለችን።
የት ተወለደ አይባልም! እንግዲህ አንቺም ትችያለሽ፤
ሱዳንም ቢሆን ትችያለሽ! ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሳቅሁ።
«እኔስ?» አለች። ሳቄን ዋጥኩት፤
ማዶ፣ የዓቃባን መብራት፣ አንድ በአንድ ቆጠርኩት።

«እዚሁ ነው የተወለድኩት። አዋላጄም አንቺ ነሽ።»
«ነኝ፣ ሰዊት። የት አይደለም ግን፤ የማን ነሽ ነው የሚሉሽ።»
«የለተገርግሽ!» አለች ፈጥና፣ እንደ ፈተና መልስ፤
ትክክል ነበር። ነጥብ ግን የለውም፣ እዚያ ቢሮ ሲደርስ።

ዝም አለች፤ ጠጠር ወረወረች፤ ደግሞ ዞረች፦
«ስትሆኚ ለአባዬ ቪዛ ትሰጪዋለሽ?» አለች።
«ፕሬዚዳንት ቪዛ አይሰጥም።»
«ምን ያደርጋል?»
«ይፈርማል። ለእስረኛ ይቅርታ ያደርጋል። እንግዳ ይጨብጣል።»
«ለዚህ ደሞዝ ይከፈለዋል?»
ጫማዋን አውልቃ ወደ ውኃው ሮጠች።

*

ለማንም ያልነገርኩት፦ በተወለደች በሰባት ቀን፣
ለተገርግሽ መጣች፣ የደረቀች ቁራጭ በጨርቅ ቋጥራልን፤
«የት ልቅበራት?» አለችኝ። ግቢው ሁሉ ሸክላ ንጣፍ፤
የሆቴሉ ሣር የሆቴሉ ነው፤ ጥበቃ አለ በየደጃፍ።

ባሏ ሳህን ከሚያጥብበት አንድ የወይራ ጣሳ መጣ፤
አፈር ሞላነው፤ የተምር ፍሬ ከላይ፣ እትብቷ ከታች ገባ።
«ለምን በጣሳ?» ብላት፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣
«ውጡ ያሉን ዕለት የማነሣው እንዲቀለኝ።»

ትናንት ሄጄ አየሁት። ጣሳው ዝጓል፤ ቂጡ ተበልቷል፤
ተምሯ ከልጅቱ ቁመት በአንድ ክንድ አልፋለች።
ሰዊት ወለሉን ልታጥብ አቅፋ ልታነሣው ታገለች፤
ሥሩ በዝገቱ ቀዳዳ ወጥቶ፣
በሁለት ሸክላ መሐል ገብቶ...

«አልነሣም አለ» አለች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።
ለተገርግሽ ከኩሽና፦ «ተይው። ዙሪያውን እጠቢ» አለች።